ከርነሉ ሲቆም፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ከኮምፒውተር ክፍል መምህራን ደጋግሞ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እየተንጋጋ ይወርድና ድንገት ቀጥ ይላል። በአንዳንድ ኪቦርድ ላይ ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ምንም ብትጫኑት አይሰማም። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ሞተ!» ይላሉ።

መድኃኒቱንም ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ «ፎርማት ይደረግ»። ቡላኦስ ውስጥ ብትጠይቁም፣ አዲስ አበባ ብትጠይቁም የሚሰጣችሁ መልስ ይኸው ነው። እውነት ለመናገር ፎርማት ብዙ ጊዜ ማሽኑን ያስነሳዋል። ችግሩ ሌላ ነው። በዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ የሴሚስተሩ የውጤት ዝርዝር አለ፣ የፈተና ጥያቄ አለ፣ አንድ መምህር ሌሊት ሌሊት እየተየበ ያዘጋጀው ማስታወሻ አለ። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ሌላ ቅጂ የት ይገኛል? ከአገሩ ሲወጣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ያልወጣ ተማሪ ደግሞ እዚህ መማሩን የሚመሰክርለት በዚያ ዝርዝር ላይ ያለው ስሙ ነው። ፎርማት ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይወስደዋል። የሚያናድደው ደግሞ፣ በአብዛኛው ሳያስፈልግ ነው የሚወስደው። ለምን ሳያስፈልግ እንደምል ለማስረዳት መጀመሪያ ያ ነጭ ጽሑፍ ምን እያለ እንደሆነ እንይ።

መጋዘነኛው

ከርነል የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የፍሬን ውስጠኛ ክፍል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ የሚቀረውን ዋናውን ነገር ያመለክታል። በኮምፒውተር ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው። ራሙን የሚያከፋፍለው፣ ሃርድ ዲስኩን የሚያነበውና የሚጽፍበት፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን የሚያዛቸው እሱ ነው። ዊንዶውስም የራሱ ከርነል አለው። ኡቡንቱ የሚሠራበት የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ነው።

በካምፕ ላለን ሰዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የራሽን መጋዘን አስቡ። ቁልፉ ያለው አንድ መጋዘነኛ ዘንድ ብቻ ነው። ማንም ዘው ብሎ ገብቶ ዱቄት አይቀዳም፤ ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፣ መጋዘነኛው መዝገቡን አይቶ ይሰፍርለታል። ዎርዱ፣ ፋየርፎክሱ፣ ጌሙ ሁሉ ተሰላፊዎች ናቸው። ከተሰላፊዎቹ አንዱ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ሰልፉ ይቀጥላል፤ አንድ ፕሮግራም ሲዘጋ ሌላው የሚሠራው ለዚህ ነው። ግን መጋዘነኛው ራሱ፣ መዝገቡ ላይ 40 ኩንታል አለ ተብሎ ተጽፎ ውስጥ ሲገባ ባዶ ቢያገኝ ምን ያድርግ? እየገመተ ያከፋፍል? ወይስ በሩን ዘግቶ «መዝገቡና ዕቃው አልተገናኘም» ብሎ ይጩህ?

ከርነሉ ሁለተኛውን ይመርጣል። ይህ መጮህ በሊኑክስ «ከርነል ፓኒክ» ይባላል፤ ፓኒክ ማለት ድንጋጤ ነው። በዊንዶውስ በኩል ሁላችንም የምናውቀው ሰማያዊ ስክሪን ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከዩኒክስ ነው፤ ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ የተጀመረ ሲስተም ነው። መልቲክስ በሚባለው በቀደመው ትልቅ ሲስተም ላይ ይሠራ የነበረው ቶም ቫን ቭሌክ እንደተረከው፣ ከሚጽፈው ኮድ ግማሽ ያህሉ ስህተት ሲፈጠር ለማገገም የሚውል መሆኑን ለዴኒስ ሪቺ ያጫውተዋል። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሪቺ የመለሰለት፣ እኛ ያንን ሁሉ ትተነዋል፣ ስህተት ከመጣ ፓኒክ የሚባለው ይጠራል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ከዚያ በኮሪደሩ «አስነሱት!» ብሎ መጮህ ነው የሚል ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አሠራሩ እስከ ዛሬ በየማሽናችን ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሊኑክሱ መልእክት ሙሉ ስሙ «ከርነል ፓኒክ፣ ኖት ሲንኪንግ» ነው። ኖት ሲንኪንግ ማለት «በራም ላይ የቀረውን ወደ ዲስኩ አልጽፍም» ማለት ነው። ለምን አይጽፍም? የራሱን መዝገብ ስለማያምን ነው። የተበላሸ ነገር ጽፎ የእናንተን ፋይል ከሚያበላሽ መቆም ይሻለዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ከርነሉ ዲስኩ ላይ ያለውን ላለመንካት ብሎ ይቆማል፣ እኛ መጥተን ዲስኩን እንጠርገዋለን!

ቅብብሉ የት ላይ ተቋረጠ?

ኮምፒውተር አንዴ ተነስቶ አይቆምም፤ ቅብብል ነው። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ይነቃል፤ ራምና ዲስክ መኖሩን ያያል። ቀጥሎ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ ትንሽ አስነሺ ፕሮግራም ይጠራል፤ በኡቡንቱ ግሩብ ይባላል። ግሩብ ሁለት ፋይሎችን ወደ ራም ያመጣል፤ አንዱ ከርነሉ ራሱ ነው፣ ሌላው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል የስንቅ ከረጢት ነው። ከርነሉ ገና ዲስኩን ማንበብ አይችልም፤ ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር ደግሞ ዲስኩ ላይ ነው ያለው። ዶሮና እንቁላል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለመንገድ የሚሆኑት ድራይቨሮች በከረጢቱ ይያዙለታል። በእነሱ ዋናውን ዲስክ ይከፍታል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያስነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የይለፍ ቃል የሚጠየቀው።

ባዮሱ ጋ የቆመ ማሽን ከርነል የሚባል ነገር ገና አላየም፤ ችግሩ ራም ወይም ማዘርቦርድ ወይም ጨርሶ የማይታይ ዲስክ ነው። ነጭ ጽሑፍ ከወረደ ግን ባዮሱ፣ ግሩቡ፣ ዲስኩም ቢያንስ በከፊል ሠርተዋል። ይህ ትልቅ ወሬ ነው፣ እሱም በነጻ።

ጽሑፉን መያዝ

መጀመሪያ የምታደርጉት ማጥፋት አይደለም። ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱ፤ ብልጭታው ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ከጎን ሁኑ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አትፍሩት። የሊኑክስ ከርነል መልእክቶች አይተረጎሙም፤ ኮምፒውተሩን በአማርኛም በፈረንሳይኛም ብትጭኑት ያው ነው። ፈረንሳይኛ ዊንዶውስ የጫናችሁ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ታች ያለው የስህተት ቁጥር ግን በየትኛውም አገር አንድ ነው። ቁጥሩን ጻፉ። (በአዲሶቹ የሊኑክስ ከርነሎች ላይ ከ2024 ወዲህ ፓኒኩን በኪውአር ኮድ ማሳየት ተችሏል። በእኛ አሮጌ ማሽኖች ላይ ግን ብዙ አትጠብቁት።)

አንዳንድ ጊዜ የኡቡንቱ ምልክት ብቻ እየዞረ ይቆማል፣ ጽሑፍ አይታይም። ጽሑፉ ተደብቆ ነው። ማሽኑን አስነስታችሁ ገና ሲጀምር ሺፍት ያዙ፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ኢስኬፕ ነካ አድርጉ። የግሩብ ዝርዝር ይመጣል። የመጀመሪያውን መስመር መርጣችሁ ኢ የሚለውን ፊደል ተጫኑ። ሊኑክስ በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ፤ መጨረሻው አካባቢ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሁለቱን አጥፉና ኮንትሮልና ኤክስ ተጫኑ። አሁን ከርነሉ የሚያደርገውን ሁሉ እያወራ ይነሳል። ይህ ለውጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማሽኑን ስታጠፉት ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ስለዚህ አትስጉ።

እዚህ ላይ ጅቡቲ ያለን ሰዎች የምንሰናከልበት ነገር አለ፤ ስለ እሱ ትንሽ ላብራራ። ኪቦርዶቻችን ብዙዎቹ የፈረንሳይ ናቸው፤ የላይኛው ረድፍ ኤ፣ ዜድ፣ ኢ ብሎ የሚጀምረው። ግሩብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱን አሜሪካዊ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የፈረንሳይ አደራደር የሚመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ ኤ ስትጫኑ ኪው ይጽፋል፣ ዜድ ስትጫኑ ደብሊው ይጽፋል፣ ኤም ስትጫኑ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ ይመጣል። መምህሩ መመሪያውን በትክክል ተከትሎ የተሳሳተ ቃል ያስገባል፣ ማሽኑም አሁንም ይቆማል፣ ከዚያ «መመሪያው አይሠራም» ይባላል።

ዘዴው ይኸውና። ኤ ለመጻፍ ኪው የሚለውን ተጫኑ። ኤም ለመጻፍ ከኤን ቀጥሎ ያለውን የኮማ ቁልፍ ተጫኑ። ወደ ቀኝ ያጋደለችውን ሰረዝ ለመጻፍ የቃለ አጋኖውን ቁልፍ ተጫኑ። ቁጥሮቹ ያለ ሺፍት ይመጣሉ፤ 1 ለመጻፍ ከላይ በግራ ያለውን ቁልፍ ዝም ብሎ መጫን ነው። የእኩል ይሆናል ምልክት እንደ ዕድል ሆኖ እዚያው ቦታው ላይ ነው። ለማጥፋት ብቻ ከሆነ የገባችሁት ደግሞ ምንም ችግር የለም፤ ኢም ኤክስም በሁለቱም ኪቦርድ አንድ ቦታ ናቸው። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ የኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ብዙ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

በጣም የሚደጋገመው፦ ዜሮ ኮማ ዜሮ

በኡቡንቱ ማሽኖች ላይ ሲነሱ ከሚታዩት ፓኒኮች ምናልባት በጣም የታወቀው «ዩኔብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን ብሎክ» የሚለው ነው። «ዋናውን የዲስክ ክፍል መክፈት አልቻልኩም» ማለት ነው። ሰው እዚህ ድረስ ያነብና «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ቆዩ፤ ከመልእክቱ ጎን በቅንፍ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ቁም ነገሩ እነሱ ላይ ነው።

ቁጥሮቹ 0 እና 0 ከሆኑ ከርነሉ ክፈት የተባለውን ክፍል ጨርሶ አላገኘውም። 8 እና 1 ከሆኑ ግን ሌላ ታሪክ ነው። 8 የተለመዱት የሳታ ሃርድ ዲስኮች መለያ ነው፣ 1 የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ከርነሉ ክፍሉን ያውቀዋል፣ ውስጡን ማንበብ ግን አቅቶታል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ከርነሉ ያያቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ላይ ሃርድ ዲስኩ ከነመጠኑ ካለ ዲስኩ በሕይወት አለ። 0 እና 0 ሆኖ ዲስኩ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ወይም ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ባዮሱ ግን ዲስኩን የሚያየው ከሆነ፣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ ያ የስንቅ ከረጢት ነው።

ከረጢቱ እንዴት ይጎድላል? የተለመደው ታሪክ እንዲህ ነው። ማሽኑ ካምፕ ውስጥ ለወራት ያለ ኢንተርኔት ይከርማል። ከዚያ ለሆነ ጉዳይ ወደ ቡላኦስ ይመጣል፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ የወራት አፕዴት በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ከአፕዴቱ ውስጥ አዲስ ከርነል አለ። ኡቡንቱ አሮጌዎቹን ከርነሎች ወዲያው ስለማያጠፋ የተመደበላቸው ቦታ ጠባብ ከሆነ ይሞላል፤ አዲሱ ከርነል ገብቶ ከረጢቱ ሳይጻፍ ይቀራል። ወይም መሐል ላይ መብራት ይጠፋል። ማሽኑ ግን ገና ዳግም ስላልተነሳ ማንም አያውቅም። በመኪና ተጭኖ ወደ አሊ አዴ ወይም ወደ ሆል ሆል ይመለሳል፣ እዚያ ሲበራ ይቆማል። «መንገዱ አናውጦት ነው» ይባላል። መንገዱ ምን አደረገ? ከቡላኦስ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ሪስታርት ቢደረግ ኖሮ እዚያው ይታይ ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው። አሮጌው ከርነል ከነከረጢቱ አሁንም አለ። ሺፍት ይዛችሁ ግሩብን ጥሩና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን፣ በፈረንሳይኛ ከተጫነ «ኦፕሲዮን አቫንሴ» የሚለውን ክፈቱ። ከርነሎቹ በቁጥር ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ ትልቁ ቁጥር አዲሱ ነው። ከእሱ ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ ሪከቨሪ የሚለውን አይደለም። ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። የመጀመሪያው ሥራችሁ የውጤቱን ፋይል በፍላሽ መገልበጥ ይሁን። ቀጥሎ ተርሚናል ከፍታችሁ የማያስፈልጉ አሮጌ ከርነሎችን በአፕት «አውቶሪሙቭ» ትእዛዝ አስወግዱ፤ ከዚያ «አፕዴት» ሰረዝ «ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚለው ትእዛዝ ከረጢቱን እንደገና አሠሩ። የተነሳችሁበትን ከርነል ግን አታጥፉ። በመጨረሻ ሪስታርት አድርጋችሁ አዲሱ ከርነል መነሳቱን እዚያው እዩ።

ዊንዶውስ ላይ፦ የሦስት ቮልቷ ባትሪ

የዊንዶውሱ አቻ መጨረሻው 7ቢ የሆነው የስህተት ቁጥር ነው። ትርጉሙ «የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም» ነው። ማሽኑ ሰማያዊውን ስክሪን ብልጭ አድርጎ እየደጋገመ ሪስታርት ካደረገና ማንበብ ካልቻላችሁ፣ በዊንዶውስ 7 ሲነሳ ኤፍ8 ተጫኑና ስህተት ሲፈጠር ራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ የሚለውን ምረጡ።

ብዙ ጊዜ 7ቢ ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት ይደረጋል። ከዚያ በፊት ግን ሰዓቱን እዩ። ባዮስ ገብታችሁ ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ጊዜ ተመልሶ ካገኛችሁት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ አልቃለች። ቁጥሯ ሲአር2032 ነው፣ 3 ቮልት፤ የመኪና ሪሞት ባትሪ ከሚሸጥበት ትገኛለች። በእርዳታ የመጣ ማሽን ብዙ ዓመት ያገለገለ ስለሆነ፣ ሶኬቱም በተደጋጋሚ ስለሚነቀል ቶሎ ታልቃለች። ባትሪዋ ስታልቅ የሚጠፋው ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ሌላውም የባዮስ ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ከቅንብሮቹ አንዱ ሳታ ሞድ የሚባለው ነው፤ ኤኤችሲአይ ወይም አይዲኢ ይላል። ዊንዶውስ 7 በአንዱ ተጭኖ በሌላው ሲነሳ ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር አይዘጋጅለትም፣ ስለዚህ 7ቢ ብሎ ይቆማል። ባትሪዋን ቀይራችሁ፣ ሞዱን ከሁለቱ ወደ ሌላው አዙራችሁ አስነሱት። ከተነሳ አለቀ። ካልተነሳ ወደ ነበረበት መልሱት፤ ምን እንደነበረም ሳትነኩት በፊት ፎቶ አንሱ።

በነገራችን ላይ ለዊንዶውስ 7 ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በጥር 2020 ነው፤ ለዊንዶውስ 10 መደበኛው ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። እንደኔ እንደኔ ለካምፕ ማሽኖች ሊኑክሱ ይሻላል፣ ግን ይህ ለሌላ ቀን ይቆየን።

8.5 ሚሊዮን ሰማያዊ ስክሪን

ይህ ነገር የድሃ አገር አሮጌ ማሽን ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ሐምሌ 2024ን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ፕሮግራሙ ወዳለበት ዊንዶውስ ሁሉ አንድ ትንሽ የመረጃ ፋይል ላከ። ፋይሉን የሚያነበው የኩባንያው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር የሚሠራ ነው፤ ማንበብ ከሌለበት የራም ቦታ አነበበ፣ ከርነሉ ቆመ። ሪስታርት ሲደረግ ድራይቨሩ ገና ሲነሳ ያንኑ ፋይል ያነባል፣ እንደገና ይቆማል። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን ማሽኖች 8.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገምቷቸዋል። በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሱ ቀሩ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ።

መፍትሄው ምን ነበር? ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያቺን አንዲት ፋይል ማጥፋት። የተሰጠው መመሪያ ዋናው ይኸው ነበር። ሴፍ ሞድ ማለት ከርነሉ ግዴታ የሆኑትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ሲነሳ ነው። አድካሚ ያደረገው በየማሽኑ ፊት ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መሥራቱ ነው። መረጃው ግን እዚያው ዲስኩ ላይ ነበር።

አንድ ቦታ ይቆማል ወይስ በየቦታው?

ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ቢይዙ ግማሹን መንገድ ሄዱ። ማሽኑን ሦስት ጊዜ አስነሱትና ሦስቱንም ፎቶ አንሱ። ሦስቱም ላይ መልእክቱ አንድ ከሆነ ችግሩ ፋይል፣ ድራይቨር ወይም ዲስክ ነው፤ እነዚህ ሐሳባቸውን አይቀያይሩም። በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ፣ በሌላ መልእክት የሚቆም ከሆነ ግን ራሙን፣ ሙቀቱን ወይም ኃይል ሰጪውን ጠርጥሩ። ፎርማት ለዚህኛው አንዲት ነገር አይጠቅምም፤ የተበላሸ ራም አዲስ የተጫነውንም ዊንዶውስ ያበላሸዋል።

በእኛ አየር ሁኔታ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን ሲነፍስ ደግሞ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። ማራገቢያውና የብረት ማቀዝቀዣው በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል። ማረጋገጫው ገንዘብ አያስወጣም፤ ማሽኑን ንጋት ላይ አስነሱት። ጠዋት የሚሠራ፣ ከሰዓት የሚቆም ማሽን መጥረግ ነው የሚፈልገው። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በደረቅ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አውጡ። ራሞቹንም አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሳቸውን በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉና መልሱ። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ ብቻውን እየሰካችሁ ሞክሩ፤ አንደኛው ሲኖር ብቻ የሚቆም ከሆነ ወንጀለኛው ተያዘ። ግሩብ ውስጥ ሜምቴስት የሚል ካለም መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሌሊት ሲፈትሽ ይደር፤ አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከወጣ ያ ራም አይታመንም።

ከርነሉ ዲስኩን አይቶ ማንበብ ሲያቅተው፣ ያ 8 እና 1 ያልነው፣ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው። ከበላይ ያሉትን መስመሮች እዩ። «አይ ኦ ኤረር» የሚል ከተደጋገመ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ዲስኩ እየደከመ ነው። ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ የመጠገኛ ፕሮግራም አሂዱ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጥገናው ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ የደከመን ዲስክ ደግሞ ያባብሰዋል። መጀመሪያ ኡቡንቱ በተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን አስነሱ፤ ሲጠይቅ መሞከር የሚለውን እንጂ መጫን የሚለውን እንዳትነኩ። ከዚያ ዲስኩን ክፈቱና ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጡ። ከውጤት ዝርዝሩ ጀምሩ፤ ፎቶና ፊልም ይቆይ። ዲስኩ የቀረው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

እርዳታ ስትጠይቁ

ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ከተማ መላክ የመጨረሻው ነው። በመኪና ሲሄድ ዲስኩ ይናወጣል፣ ክፍሉም ለሳምንታት ያለ ማሽን ይቀመጣል። ከዚያ ይልቅ ፎቶውን በስልክ ለሚያውቅ ሰው ላኩ። ከፎቶው ጋር ይህን ጻፉ፦ መጨረሻ በደህና የተነሳው መቼ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተቀየረ፣ አፕዴት፣ አዲስ ራም፣ የመብራት መጥፋት? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚቆመው? የቆመው በስንት ሰዓት ነው፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት? የባዮሱ ቀን ስንት ይላል? የሞከራችሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ያልሠራውን መልሱ።

ለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ቢኖር ጥሩ ነው። ማሽኑ ላይ ቁጥር ለጥፉ፣ ደብተሩ ላይ ያንኑ ቁጥር ጻፉ፣ ለአንድ ተማሪም ኃላፊነት ስጡት። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ በሌለበት ክፍል ደግሞ ሁለት ተማሪ ይቀመጥ፤ አንዱ ፊደል በፊደል ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። «ፓኒክ» የሚለው ቃል ያለበትን መስመር፣ ከእሱ በላይ ያሉትን አሥር መስመሮች፣ በቅንፍ ያሉትንም ሁለት ቁጥሮች እንዳይረሱ።